ማኅተምዎን አምነን ባሕር ስለተሻገርንበት ሕክምና

ለተከበሩ የጤና አገልግሎት ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ከሁሉም በላይ መፈረም የማይታክተውን ቀኝ እጅዎን አምላክ ይጠብቅልን። እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ባለቤቴም ሰዓት ሠሪ ነው። «ነበር» ብል ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳዎ።

ከስድስት ዓመት በፊት ነርቭ የሚያደክም ሕመም ያዘውና እግሩ ከዳው። እጁ ግን ደህና ነበር። ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ሰው በዓይኑ የማይለያትን የሰዓት ጥርስ በወረንጦ አንስቶ ቦታዋ ይመልሳት ነበር። የነርቭ ሐኪማችን ሳትሸነግል፣ «የሄደውን እግር የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ያለውን እንጠብቅ» ብላን ነበር። በዚያው ሰሞን ከሱቁ ፊት ለፊት «በውጭ አገር የግንደ ሕዋስ (ስቴም ሴል) ሕክምና፤ በሦስት ሳምንት በእግርዎ ይሄዳሉ» የሚል ቢሮ ተከፈተ፤ ግድግዳው ላይም ማኅተምዎ ያረፈበት ፈቃድ በመስታወት ተደርጎ ተሰቀለ። ባለቤቴ ሰው ቶሎ አያምንም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ «መንግሥት ያላየውን አይፈቅድም፤ እንሂድ» አለኝ። እነሆ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር፦

፩. ፈቃዱን ስለሰጡልን እናመሰግናለን። የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ ኋላ እንዳስረዱኝ፣ የፈቀዳችሁት «የጉዞ ማማከር» ብቻ ነው፤ ሕክምናውን አላያችሁትም። ያላዩትን ነገር ለሕመምተኛ ዓይን በሚገባ መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ለካ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

፪. የደረስንበት ክሊኒክ ከዕቃ ቤት በላይ የተከራየ ሁለት ክፍል ነበር። «የሚወጉት ከምን የመጣ ነው?» ብዬ ብጠይቅ የክሊኒኩ አስተርጓሚ «ከንጹሕ ቦታ» አለኝ። ባለቤቴን አከርካሪው ላይ ወጉት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ እንደ እሳት ሲለበልበው፣ አንገቱን ማዞር ሲያቅተው፣ ያው አስተርጓሚ ፈገግ ብሎ «ሴሉ ሥራ ጀመረ ማለት ነው፤ ደስ ይበላችሁ!» አለን። ሥራ የጀመረው በመርፌው የገባው ጀርም ነበር።

፫. ስንመለስ ነፍሱን ያተረፈችልን ያችው የነርቭ ሐኪማችን ናት። ጀርሙ አከርካሪውን ጎድቶት እጁን ግን አላገኘነውም። እግር ፍለጋ ሄደን እጅ ጥለን መጣን። ዛሬ ማንኪያ የምይዝለት እኔ ነኝ። የድሮ ደንበኞቹ ሰዓት ይዘው ሲመጡ እጁን ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቆ «ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል» ይላቸዋል።

፬. አቤቱታዬን አቅርቤ በአምስተኛው ወር፣ «ጉዳቱ የደረሰው ከወሰን ውጭ በመሆኑ አይመለከተንም» የሚል አንድ መስመር ደረሰኝ። ስንሄድ የነበረ ሥልጣንዎ ስንመለስ የት ገባ? እዚህ ላይ ጨዋነቴ አለቀ፤ ይቅርታ አልጠይቅም። ያ ቢሮ ዛሬም ክፍት ነው! ፈቃዱም ባለፈው ሳምንት ታድሷል!

፭. ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ነው አልልም። ሐኪማችንን «ተስፋ አስቆራጭ» ብዬ ፊቷ ላይ የተናገርኳት እኔ ነኝ። ሻንጣውን ያሰርኩትም እኔ ነኝ። እሷን ሄጄ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እርስዎስ ማንን ጠየቁ?

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ እየተሳቀቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ብዕርዎም ቀለም እንዳያጣ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ፣
የሰዓት ሠሪው ሚስት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት ኮሪደርዎ ላይ ተራ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ መራመድ ያቃታትን ልጃቸውን ደግፈው፣ በዚያ ቢሮ በኩል መሄዳችንን ሰምተው፣ «የምጠይቀው እንዳንቺ የሄደ ሰው አጥቼ ነው የኔ ልጅ፣ ወደዚያ ሕክምና ልውሰዳት ወይ?» አሉኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የፈጀብኝ አራት ደቂቃ ነው። የእርስዎን ሥራ ስለሠራሁልዎ ምስጋና አያስፈልግም።