በሁዳዴ የቀመስኩት ወተት

ይድረስ ለባለቤቴ ለአስካለ፣

ሰባ አራት ሞላኝ። እዚህ በሰው አገር የካሳራኒን ቤት አራት ፎቅ ደረጃ ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ፤ ጺሜን ራሴ እላጫለሁ፤ በመርፌም ያለ መነጽር ክር አስገባለሁ። ጽሕፈቴ ግን ያው እንደምታውቂው የዶሮ ጭረት ነው፤ አትሳቂብኝ። ከተለየሽን ሁለት ዓመት አለፈ።

አስኩዬ፣ የልጅ ልጅ አለን! ልጃችን ሰላም ሴት ወለደች፤ ሶሊያና አልናት። ግንባሯ ያንቺ፣ ግትርነቷ የኔ ነው።

ይኸው ግትርነቷ አስጨንቆን ነበር። የሰላም ጡት በሦስተኛው ወር ነጠፈ። ገንፎውም አብሹም አልመለሰውም። ሐኪም የጣሳ ወተት አዘዘ፤ እመቤት ሶሊያና ግን ጡጦ ሲያዩ አፋቸውን ገጥመው ዞር! ከሳችብን። እናት ታለቅሳለች፣ ልጅ ታለቅሳለች፣ ጊጊሪ ያለው መሥሪያ ቤቷ ደግሞ ፈቃድሽ አልቋል ይላታል።

ክሊኒክ ወሰድናት። ነርሷ ጉካ አለችኝ፤ በአገሯ ቋንቋ አያት ማለቷ ነው። በትንሽ ኩባያ ሞክሩ፣ ልጅቷን ቀና አድርጋችሁ ከከንፈሯ አስነኩላት እንጂ አታንቆርቁሩባት አለችን። ቤት እንደገባሁ ቡፌውን ከፈትኩ። ከሲኒዎችሽ አንዷ ብቻ ተርፋለች። በፈላ ውሃ ቀቀልኳት፤ ልጅቷን ጭኔ ላይ ቀና አድርጌ የሲኒዋን አፍ አስነካኋት። አስኩዬ፣ እንደ ድመት ላሰችው! ከዚያ ጠጣች፣ ጠጣችና ሲኒዋን በድዷ ነክሳ አልለቅም አለች። ሰላም እየሳቀች እያለቀሰች መሬት ላይ ቁጭ አለች።

አሁን ሰላም በማታቱ፣ በዚህ አገር ታክሲ፣ ሥራ ስትሄድ የሶሊያና ሞግዚት እኔ ነኝ። ጉንጯ ሞልቷል። የወተቱን ሙቀት በእጅህ ለካ ይሉኛል፤ ዕድሜ ልኩን ብየዳ የበላው እጅ ምን ይሰማዋል? በማንኪያ እየቀዳሁ ቀመስኩት። በሁዳዴ! ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው፣ ሕፃን ለማጥገብ ነው ብለው ሳቁ። እኔ ግን አርባ ስግደት እሰግዳለሁ አልኩ። ሰላም ጉልበትህ አይችልም፣ እኔ ልስገድልህ አለች። ምን ሲደረግ!

ስግደቱን ራሴ እሰግዳለሁ። ልጅቷ እንድትጠጣ ለማርያም የተሳልኩትን ጥላ ራሴ ተሸክሜ አስገባለሁ። ለነርሷም ዳቦ ራሴ ደፍቼ እወስድላታለሁ፤ ካረረም እንዳረረ ትብላው። ያንቺ ዕዳ ይቀራል፤ ሶሊያና አፍ ስትፈታ፣ መጀመሪያ ያጠገበቻት ሲኒ የማን እንደነበረች ልነግራት ይገባል። እሱንም ራሴ ነኝ የምነግራት።