ልጃችን ጀልባህን ልታወጣ ነው

ውድ ሃብቶሜ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም፤ ከጻፍኩ መሞትህን ያመንኩ ስለሚመስለኝ ነው። አሁን ግን ፈርቻለሁ፤ ፍርሃቴን የምነግረው ደግሞ ከአንተ ሌላ ሰው የለኝም። ልጃችን ሣራ ጀልባህን አስጠግና ጨርሳለች። የፊታችን እሑድ ምጽዋ ላይ ወደ ባሕር ልታወጣት ነው።

ቤታችን ያው አስመራ ጎዳይፍ ነው። ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ተጠገነ። ሣራ ፋርማሲ ተቀጥራለች፤ ነጭ ካፖርት ለብሳ ስትወጣ አረማመዷ ቁርጥ አንተን ነው። እኔም ማስተማሬን አልተውኩም። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ በመሥሪያ ቤትህ ሁሉም ነገር በአማርኛ ይጻፍ የተባለ ጊዜ፣ ደብዳቤዎችህን ይዘህ እየመጣህ «የጎንደሯ ልጅ፣ አርሚልኝ» ትለኝ ነበር። እኔም እያረምኩ እስቅብህ ነበር። አሁን የተማሪ ደብተር ብቻ አርማለሁ፤ አንዱም አያስቀኝም።

ሣራ ነገሩን የነገረችኝ ቀን ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት፤ ምን ዋጋ አለው፣ የአባቷ ልጅ ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኔም እንዲሁ ሆኛለሁ፤ ነፋስ የቆርቆሮ በር ሲያንኳኳ እንኳ ልቤ ይሰቀላል።

መጀመሪያ ጀልባዋ ላይ ያወጣኸኝን ቀን ታስታውሳለህ? ዓይኔን ጨፍኜ ምሰሶውን አቅፌ ስቀር «ኣጆኺ፣ ኣጆኺ፣ አይዞሽ» እያልክ ሳቅህብኝ። ከዚያ ዓይኔን አስገልጠህ ተራሮቹን አሳየኸኝ። አስመራ ከነዚያ በላይ ናት፣ ፊትሽን ወደ እነሱ ካደረግሽ አትጠፊም አልከኝ። ኮምፓስ አገሩን የማያውቅ ሰው ነው የሚይዘው እያልክ ትኮራ ነበር። የደገኛ ኩራት! ቆላው ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን ማን ነገረህ?

በመጨረሻው ቀን ጀልባዋ ላይ አብሮህ የነበረው ጓደኛህ ዘርኣይ ሁሉንም ነግሮኛል። ጠዋት ተራራው ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ከምሳ በኋላ አቧራ ያዘለ ነፋስ ተነሥቶ ፀሐዩንም ተራራውንም ሸፈነው። አንተ ተራራ ያልከው ጥቁር ነገር ደመና ነበር፤ እሱን ብለህ ወደ ውጭው ባሕር ሄድክ። ነፋሱ ሲበረታ ሸራውን ሳታወርዱ ጀልባዋ ተገለበጠች። ዘርኣይ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ለብሶ ነበር። ያንተ እንደ ትራስ ከሥርህ ነበርና ውኃው ወሰደው። እንዲያም ሆኖ ጀልባዋን ይዘህ አንድ ቀን ሙሉ ቆየህ።

አሁን የማልነግርህ ነገር አይኑር። ከወደቡ ስልክ ተደውሎ በየት በኩል እንደሄድክ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። እናቴ መንገደኛን ወዴት ነህ ማለት ክፉ ያመጣል እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ አንተም ይህን ልማዴን ትወደው ነበር። ፈላጊዎቹ በግምት ወደ ሰሜን ሄዱ። አንተ በደቡብ ነበርክ። ሲደርሱ የተገለበጠችውን ጀልባ ይዞ የቀረው ዘርኣይ ብቻ ነበር። እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው ሃብቶሜ፣ ወዴት ነህ ሳልልህ በመቅረቴ። ይቅር በለኝ።

ሣራ እንዳንተ አይደለችም። ስንት ቅዳሜ ሙሉ ከአንድ የምጽዋ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ተምራለች። ኮምፓስ ገዝታለች። ስትሄድ አቅጣጫዋን ከመርፌው አይታ ታስታውሳለች፣ ስትመለስ ተቃራኒውን ትይዛለች። ጃኬቷን የምትለብሰው ገና መሬት ላይ ሳለች ነው። ሰማዩ ከደፈረሰ ትመለሳለች፤ መመለስ አያሳፍራትም። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ራሴን በእሺታ እነቀንቃለሁ፤ ፍርሃቴ ግን አይለቀኝም።

ትናንት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አስቀምጬ ወዴት ነሽ ብዬ ጠየቅኳት። ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ላብ አጠመቀኝ። እርሳስ አነሣች። ከዚያ አቅጣጫውን፣ የምትደርስበትን ደሴት፣ የምትመለስበትን ሰዓት ጻፈችልኝ። ወረቀቱ «በደቡብ በኩል፣ መመለሻ ዘጠኝ ሰዓት» ይላል።

እሑድ አብሬያት እወርዳለሁ። ጀልባ ላይ አልወጣም፤ አልችልም። ወደቡ ላይ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። እስካለሁ ድረስ አንተን በልቤ እይዛለሁ፤ ቁጣዬም ፍቅሬም ካንተ ጋር ነው። ግን ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሸራዋ ካልታየኝ አልቅሼ አልቀመጥም። እሮጣለሁ። ሲጠይቁኝም በደቡብ በኩል፣ ፈጥናችሁ ሂዱ እላቸዋለሁ።

ያንተው፣
አልማዝ