ሳሎን በር ላይ የተሰቀለው አሣ

ሩታዬ፣ የእንጦጦዋ ማርያም በወጣሽበት በገባሽበት ሁሉ ትጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ የአዲሱ ገበያ መንገድ ተቆፍሮ ቤቱ አቧራ በአቧራ ሆኗል እንጂ።

ይህን ወረቀት አክስትሽ አፀደ የአባትሽን መርዶ ካረዳችሽ በኋላ እንድትሰጥሽ ነግሬያታለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብለን ነው ሁለት ወር ሙሉ የደበቅንሽ፤ አትቀየሚን።

የላክሽለት የፕላስቲክ አሣ እዚያው ሳሎን በር ላይ ነው። ሰው ባለፈ ቁጥር ጭራውን እያወናጨፈ ሲዘፍን የሰፈሩ ሰው ሁሉ በስልኩ ሊቀርፀው ይመጣ ነበር። አባትሽማ ኮፍያውን አንስቶ "እንደምን ዋልክ" ሳይለው አይገባም ነበር። አስከሬኑ ሲወጣም ዘፈነ። ለቀስተኛው ክው አለ። በሰልስቱ ባትሪውን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ባለፈው እሑድ ስትደውዪ ግን ዘፈነ። "አባዬ ገባ አይደል?" ብለሽ ሳቅሽ። እኔም "አዎ፣ ገባ" አልኩሽ። ልጄ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ከወንበሬም አልተነሳሁም። ባትሪው አሁንም መሳቢያው ውስጥ ነው።

እመቤቴ ታጽናሽ፣ እንባሽን ታብስልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ሌላ ቀን ስትደውዪ ቢዘፍን፣ ማን ገባ ብለሽ አትጠይቂኝ። ዝም ብለሽ ሰላም በዪው።

እናትሽ