በግራዎ ስለቆመችው አህያ

ለክቡር ቡዋና ፉሞ ኦማር፣
የሰፈራችን ሹም፣ ላሙ ደሴት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ቁጣዎ የበረታ፣ ቤትዎም ሰላም የሰፈነበት ይሁን እያልኩ፣ እኔ ታናሽዎና የአጎትዎ ልጅ፣ ሸራ ሰፊው ሼ ባካሪ፣ እጅ ነስቼ ይህችን አቤቱታ በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩. በጠባቧ መንገዳችን በጎኔ ሲያልፉ፣ ታናሽ ለታላቁ የሚያቀርበውን የአክብሮት ሰላምታ «ሺካሞ» ባለማለቴ ትዕቢተኛነቴን ለመላው ሰፈር ስላሳወቁልኝ አመሰግናለሁ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ግራና ቀኜን ወስዶ ፊት ለፊቴን ብቻ እንደተወልኝ፣ ዓለምን በቧንቧ ቀዳዳ እንደማይ የዓይን ሐኪሟ ጽፋ የሰጠችኝን ወረቀት በማንበብም ውድ ጊዜዎን አላባከኑም።

፪. ፍርድ እንዳይጓደል ብለው ሽማግሌ ሰብስበው በደጃፌ መረመሩኝ። መርፌ አስይዘውኝ ክሩን ባንዴ ሳሾልከው፣ «አንተ ሼ፣ የመርፌ ቀዳዳ እያየህ እኔን የሚያህል ሰው ተሰወረብህ? ጉድ እኮ ነው!» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ብሆን እስቅ ነበር። መርፌዋ ግን ከፊቴ ነበረች፣ እርስዎ ሁልጊዜ የሚመጡት በጎን ነው።

፫. በአደባባይ ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ የልጄን የምዋናኢሻን የጋብቻ ደብዳቤ አልፈርምም ብለዋል። ኒካው፣ የጋብቻ ቃል ኪዳኑ፣ አርብ ነው። ልጅቷ ምን በደለች? ትናንት ማታ «አባዬ፣ በቃ ግድግዳውንም ሳይቀር ሺካሞ እያልክ እለፍ» አለችኝ። የምትቀልደው እያለቀሰች ነበር። ምክሯን ተቀብዬ ዛሬ ለሁለት ምሰሶና ለአንዲት ፍየል ሺካሞ ብያለሁ፤ የመለሰችልኝ ፍየሏ ብቻ ናት።

ይቅርታውን በደስታ እጠይቃለሁ፤ ከፊቴ ይቁሙልኝ እንጂ።

ወደ ጎን ሳይል ሁልጊዜ ፊት ለፊት የሚያከብርዎ፣
ሼ ባካሪ

ማስታወሻ፦ የምርመራው ዕለት ሲመለሱ በግራዎ የቆመችውን አህያ ገጭተው ባለቤቷን ሰደቡ። ትናንት ደግሞ ምዋናኢሻ ደብዳቤዋን ይዛ በቀኝዎ በኩል እጇን ብትዘረጋልዎ፣ ዘወር ሳይሉ አለፏት። ትዕቢት ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ሐኪሟ ይህ በሽታ ሳያሳምም ቀስ እያለ እንደሚሰርቅ፣ በዘርም እንደሚወረስ ነግራኛለች፤ የእኔና የእርስዎ አያት ደግሞ አንድ ናቸው። ማክሰኞ ሐኪሟ ስትመጣ ከጎኔ ወረፋ ይዤልዎታለሁ፤ መርፌና ክር ይዘው አይምጡ። ምዋናኢሻ ነገ ጠዋት ደብዳቤዋን ይዛ ትመለሳለች። ፊት ለፊትዎ እንድትቆም ነግሬአታለሁ።