ለድምፅህ የተሰጠ መልስ

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
የካቲት 1979 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኦይታ፣

ስለ ጤናህ ሌላ ጊዜ እጠይቅሃለሁ፤ አሁን ተናድጃለሁ። አባታችን ታስሯል። ሰው አልመታም፣ የማንንም ድንበር አልገፋም። የታሰረው ላንተ መልስ በመስጠቱ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጠህ ተራራችን ላይ ሰው ማሳሰርህ ይገርምህ ይሆናል፤ እኔንም ገርሞኛል። ይህን ወረቀት ፖስታ ቤት አላስገባውም። የሚያደርስልህን ሰው ታውቀዋለህ፣ ስሙን አልጽፍም።

የመንደር ምሥረታው ዘንድሮ እኛም ዘንድ ደርሷል። በየጓሮው ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ ሜዳው ላይ በመስመር ይሠራል፤ ከዚያ ክሊኒኩም ትምህርት ቤቱም የቧንቧ ውሃውም ይከተላል፣ ነው የሚባለው። የእኔን አስተያየት ከጠየቅኸኝ ግማሽ ልቤ ይደግፈዋል። እማዬ የመጨረሻውን ልጅ ስታምጥ በቃሬዛ ተሸክመናት የወረድነውን መንገድ አንተም አትረሳውም፤ ክሊኒክ ቅርብ ቢሆን ኖሮ ያ ሕፃን ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ግማሽ ልቤ ግን እንሰቱን ያስባል። ቤት አፍርሶ መሥራት ይቻላል፤ እንሰት ለመብል እስኪደርስ ግን ዓመታት ይፈጃል፣ አዲሱ ሜዳ ላይ ደግሞ ከሣር በቀር ምንም የለም። ይህን ለባልደረቦቼ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። አማርኛው "ዝም አይነቅዝም" ይል የለ።

በትምህርት እረፍታችን መምህራን ለቅስቀሳ ተመደብን። እኔ ጋሞኛ ስለማውቅ ለካድሬው ለጓድ አበጋዝ አስተርጓሚ ሆንኩ፤ ሲኒማ በጫነ መኪና ወደ ገዛ አገራችን ሽቅብ ወጣን። ጓድ አበጋዝ ሰፊ ቦታ ፈለገ፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ከሚመክርበትና ከሚፈርድበት ከዱቡሻችን የሚሰፋ ስለሌለ ነጩ ሸራ እዚያ ተወጠረ። ለእሱ ሜዳ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ከጥንት ጀምሮ እንደሚያደርጉት በየማዕረጋቸው ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። እኔም ጄኔሬተሩ መጮህ እስኪጀምር ድረስ ሕፃናቱን ከሸራው ገመድ ሳርቅ እንደ ሸንጎ መቀመጣቸውን ልብ አላልኩትም።

ፊልሙ ያምር ነበር፤ አልዋሽህም። የቆርቆሮ ጣሪያ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ፣ ሴቶች ከቧንቧ ሲቀዱ፣ ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። በእረፍትህ ስትመጣ "ፊልም ሕዝብ ያነቃል" እያልክ ስትሰብከኝ "እኔስ ራዲዮ ይሻለኛል፤ ቢያንስ መዝጋት ይቻላል" ብዬ ስቄብህ ነበር። በዚያ ምሽት ግን ያልከው ገብቶኛል። ፊልሙን የሚተርከውን ድምፅህን ቀድማ የለየችው እማዬ ናት። "ይሄ ኦይታዬ ነው" ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሌሎችም ለዩህ፤ እልልታው ቀለጠ። ሥራህ ምን እንደሆነ ለአባባ አስረድተነው አናውቅም፤ ልጄ መንግሥት ቤት ይሠራል ብቻ ነው የሚለው። ክንዴን ይዞ "ምን እያለ ነው?" አለኝ። እኔም በጆሮው ነገርኩት፦ ገበሬዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው፣ በደስታ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ቤታቸውን አፍርሰው ወደ አዲሱ መንደር ገቡ።

ፊልሙ ሲያልቅ ጓድ አበጋዝ "አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ" አለ። ይህ አባባል መዝጊያ ነው፤ ከተማ ውስጥ አንድ የተዘጋጀ ሰው ተነሥቶ ያመሰግናል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ቤት ይኬዳል። ዱቡሻ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ይህ መክፈቻ ነው። እዚያ የተነገረ ነገር መልስ ሳያገኝ አያድርም፤ ዋሽቶ መናገርም፣ እያወቁ ዝም ማለትም ጎሜ ነው፣ እርግማን ያመጣል። አባባ ተነሣ። ፊቱን ያዞረው ወደ ካድሬው አልነበረም፤ ወደ ባዶው ሸራ ነው።

"ልጄ፣ ድምፅህን በመስማቴ ደስ ብሎኛል" አለ። "ሰዎቹ በፈቃዳቸው ቤታቸውን አፈረሱ አልክ። አንተ ራስህ ጠይቀሃቸው ነው?"

ተረጎምኩ። ጓድ አበጋዝ ሳቀ፤ "አባት፣ ይሄ እኮ ማሽን ነው፣ አይሰማዎትም" አለ። አባባ ማሽን መሆኑን አላጣውም። ዱቡሻ ላይ የተናገረው ልጄ ነው፣ የተናገረ ሰው ደግሞ መልስ ይቀበላል፤ መልሴን መኪናው ይዞለት ይሂድ፣ አለ። ከዚያ የእኛን እንሰት ማን እንደሚሸከም፣ ውሃው ከመቆፈሩ በፊት ቤቱ ለምን እንደሚፈርስ ጠየቀህ። ተቀመጠ። ቀጥሎ ማን እንደሚነሣ ታውቃለህ፤ ሽማግሌዎቹ በየተራቸው ተነሡ። ማንም ለጓድ አበጋዝ አንድ ቃል አልተናገረም። ሁሉም "ኦይታ ልጃችን" እያሉ ለፊልምህ መልስ ሰጡህ፤ አንዱ በትሕትና፣ አንዱ በቁጣ፣ አንዱ ደግሞ ለምን እስካሁን እንዳላገባህ ጠይቆህ። ሳቅ እየተናነቀኝ እተረጉም ነበር። የጓድ አበጋዝን ፊት ሳየው ሳቁ ጠፋ። "ይበቃል" አለኝ በዝግታ። "ይህን ያስነሣው አባትሽ ነው?" እንደ አድማ ነው የታየው። ጠዋት መጥተው ወሰዱት።

ጓድ አበጋዝን ክፉ ሰው ነው አልልህም። እሱ ራሱ ይፈራል። ከላይ አንድ ኃላፊ እንደሚመጡ ነገረኝ፤ በገበያ ቀን እዚያው ሜዳ ላይ ስብሰባ ይደረጋል፣ አባትሽ ልጁ የተናገረው እውነት መሆኑን ይመስክርና ወደ ቤቱ ይግባ፣ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ኃላፊው ጋሞኛ አይሰሙም፣ እሱ የፈለገውን ቢል አንቺ የሚበጀውን ትተረጉሚያለሽ፣ አለ። ዓይኔን አላየኝም።

እማዬ ስትሰማ እግሬ ላይ ወደቀች። በሕይወቴ እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም። "የሚሉትን በይላቸው፤ እኔ ባሌን ነው የምፈልገው" አለችኝ። አባባ ጋ ቆጮ ይዤ ስሄድ ደግሞ ጠባቂው እያየን ስለ ከብቶቹ አወራን። ልወጣ ስል እጄን ይዞ "ዱቡሻው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እኔ የምለውን ይሰማል፤ አንቺ የምትዪውንም አማርኛ የሚያውቅ ይሰማል" አለኝ። በመንገድ ሁሉ አለቀስኩ። ከዚያ ባንተ ተናደድኩ፤ ከዚያ ደግሞ ናፈቅኸኝ።

የገበያው ቀን ደረሰ። ኃላፊው ወንበር ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ድንጋያቸው ላይ። አባባ ከስቶ ነበር፣ ጋቢውን ግን አስተካክሎ ለብሷል። እኔ ለመተርጎም ከጎኑ ቆምኩ። እሱም እንዲህ አለ፦ "ልጄ ዋሽቷል አላልኩም። ጠይቄዋለሁ፣ መልስ አልሰጠኝም። ይምጣ። እዚህ ቆሞ፣ ሰዎቹን አግኝቻቸዋለሁ፣ ወደው ነው የሄዱት ይበለኝ። እንዲህ ካለኝ ቤቴን በገዛ እጄ አፈርሳለሁ፤ ሜዳውም ላይ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ።"

እማዬ ከሴቶቹ መሃል ታየኛለች። ጓድ አበጋዝ መሬት መሬት ያያል። "የልጁ ቃል እውነት ነው ብሏል" ብል በዚያች ቅጽበት ያልቅ ነበር። አልቻልኩም። ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ኃላፊው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አሉ። "ይሄማ ቀላል ነው፤ ልጁ የመንግሥት ሠራተኛ አይደል? ይጠራል" አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሽማግሌዎቹም ፍርዱ አማራቸው። አባባ አንተ እስክትመጣ እዚያው እስር ቤት እንዲቆይ ተባለ፤ ለመሥሪያ ቤትህም ተጽፏል። ጥሪው ሳይደርስህ ይህ ደብዳቤ እንዲቀድም ብዬ ነው የቸኮልኩት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለእኔ ለእህትህ። ያን መንደር በዓይንህ አይተኸዋል? ወይስ ጠባብ ክፍል ውስጥ ወረቀት ሰጥተውህ አነበብክ? ሰዎቹ በእርግጥ ወደው ሄደው ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ሰው ውሃና ክሊኒክ ፈልጎ ሊሄድ ይችላል፣ እኔም እሄድ ነበር። ካልሆነ ግን የሚጠብቅህን ታውቃለህ። እውነቱን ብትናገር አንተም ከአባባ ጎን እስር ቤት ትገባለህ። ብትዋሽ እሱ ይፈታል፤ አንተን አምኖ እንሰቱን ትቶ ይወርዳል፤ እውነቱ ቢቆይም አንድ ቀን ይደርሰዋል። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ" የሚለውን ተረት አባባ አያውቀውም። ባያውቀውም ይፈጽመዋል ብዬ እፈራለሁ።

እማዬ ከስብሰባው ወዲህ አታናግረኝም። ትናንት ግን በጎረቤት በኩል ላከችብኝ፤ ኦይታ እንዳይመጣ፣ ታመምኩ ይበል፣ ይጥፋ፣ ብላለች። አባባ ደግሞ ልጄ ይመጣል እያለ ለጠባቂዎቹ ስላንተ ያወራላቸዋል፤ በስምህ ያውቁሃል አሉ። እኔ ና ወይም አትምጣ አልልህም። የምትወስነው ምንም ይሁን እወድሃለሁ፤ ይህን ደግሞ ጽፌልህ ስለማላውቅ ዛሬ ጻፍኩት።

ከመጣህ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። አባባ ፊት ቆመህ በጋሞኛ የምትናገረውን፣ ምንም ይሁን ምን፣ ለኃላፊው እንዳለ በአማርኛ እናገረዋለሁ።

እህትህ
ጽጌሬዳ ገነነ