ከአፍንጫ ፊት የሚለቀቅ ከረጢት

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን
ከፊዚክስ ክፍል፣ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ

የኔ ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት፤ ትናንት በስልክ ስታስነጥሺ ሰምቼሻለሁ። አንገትሽን ሸፍኚ። እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አይግረምሽ፤ የጠረጴዛው አንድ እግር አጥሮ ይወዛወዛል።

"እማዬ፣ ከሁለቱ ስኮላርሺፕ የቱን ልቀበል?" ስትዪኝ "በደብዳቤ እነግርሻለሁ" ያልኩሽ ተኩራርቼብሽ አይደለም። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። እሱ ደግሞ አፉ ዝም ቢል ፊቱ ዝም አይልም።

አንደኛው የዶክትሬት ነው፤ የብርሃን ምርምርሽን እዚያው ትቀጥያለሽ፣ መመለሻሽም ሩቅ ነው። ሁለተኛው ለወደፊት የፊዚክስ መምህራን የሚሰጥ ነው፤ የጀመርሽውን ማስተርስ ያስጨርስሽና አገርሽ ገብተሽ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምሪያለሽ። መልሱን በወሩ መጨረሻ ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያውን ውሰጂ። አለቀ።

አሁን ወደ ወሬያችን። ያ አሸዋ የሞላሁት፣ ከክፍሉ ጣሪያ በገመድ የተንጠለጠለው ከረጢት ትዝ ይልሻል? በየዓመቱ እስከ አፍንጫዬ ስቤ እለቀዋለሁ። ሄዶ ሲመለስ ከተለቀቀበት ከፍታ አያልፍምና ሳይነካኝ ይመለሳል። ተማሪው ይጮኻል፤ እኔ ንቅንቅ አልልም። አንቺ ትንሽ ሳለሽ መጨረሻው ወንበር ላይ ሆነሽ ዓይንሽን ሸፍነሽ፣ በጣቶችሽ መሃል ታዪኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ለቀቅኩት። ሄደ፣ ተመለሰ፣ አፍንጫዬን አገኘው።

ከኋላ አንዷ፣ "እማማ ስበት፣ ሕጉ ተሻረ እንዴ?" አለች። (እማማ ስበት እኔው ነኝ፤ ያወጣችሁልኝ ስም እስካሁን አልለቀቀኝም።)

"ሕጉ ደህና ነው" አልኳት፣ አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ። "ወደ ፊት ያዘነበለችው መምህሯ ናት። ጻፉት።"

ጻፉት። ፈተና ላይ ይመጣል ብለው ነው።

አባትሽ ለምን እንዳዘነበልኩ ጠየቀኝ። አስነጠሰኝ አልኩት። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ የነዳ ሰው አይደል፣ "ፍሬን የሌለው ነገር ፊት ቆሞ ማስነጠስ!" እያለ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ሻዬን እስከ ብርጭቆው ግማሽ ብቻ ይቀዳልኛል፤ ቀሚሴ ላይ መፍሰሱ ቀረ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። በደንብ ተግባብተናል።

ርዕሰ መምህሩ ለመጪው ዓመት የፊዚክስ መምህር ያፈላልጋል፤ እንዲያው ለጥንቃቄ ነው ይላል። እስኪገኝ የስፖርት መምህሩ ሊሸፍን ፈቃደኛ ነው፤ ኳስም ፊዚክስ ነው ባይ ነው። አልተሳሳተም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

ስለዚህ በኔ የተነሳ እንዳትወስኚ። ብርሃንሽን ተከተይ። እዚህ ሰው አልጠፋም፤ አባትሽ አለ፣ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ አለ።

ከረጢቱን ግን አላወረድኩትም። ዛሬ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ለምኜ መሰላል አስመጣሁና ገመዱን አሳጠርነው።

"ለማን ነው?" አለኝ ከላይ ሆኖ።

"በአንድ ራስ ለሚበልጠኝ ሰው።"

ባለፈው ስሸኝሽ አገጭሽ አናቴ ላይ ማረፉን እሱ ከየት ያውቃል? ቋጠሮውን አጥብቆ ወረደ።

እግርሽ በቆመበት ይጽና ልጄ። የሚመጣብሽን ሁሉ ዓይንሽን ሳትሸፍኚ የምታዪበት ልብ ይስጥሽ።

የምትወድሽ እናትሽ

ማስታወሻ፦ የመጀመሪያውን ነው ያልኩሽ።