በእኔ እጅ የተሰጠው የመውጣት ድምፅ

አልበርታ ከካናዳ ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለውን ጥያቄ አርቅቆ ለሕዝብ ላቀረበው ኮሚቴ
ለክቡር ሰብሳቢው
ካልጋሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት እጅ ነሥቼ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጉልበትዎ ሳይከዳዎ፣ ወገብዎ ሳይዝዎ፣ የደም ግፊትዎም በልኩ ሆኖ እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። ይህን ለወግ ያህል የምለው እንዳይመስልዎ፤ የሰው ጉልበትና ወገብ መጠየቅ እንጀራዬ ነው። እንዲያውም አንድ ቀን እርስዎም ከወንበር ለመነሣት የሰው ክንድ ሲያስፈልግዎ ከእኛ ሰፈር ሴቶች አንዷ ክንዷን ዘርግታ እንደምትቀርብዎ አልጠራጠርም። ያን ጊዜ እኛ እዚህ ካለን ማለቴ ነው።

አይሹ ዘነበ እባላለሁ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ካልጋሪ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሳቫና በሚባለው ሰፈር ቤዝመንት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየቤታቸው እየዞርኩ ማጠብ፣ ማልበስና መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠት ነው። ታክስ እከፍላለሁ፣ በረዶ እጠርጋለሁ፣ ቆሻሻውን በየገንዳው ቀለም ለይቼ አወጣለሁ። ፒአር የሚሉት ቋሚ ነዋሪ እንጂ ዜጋ ስላልሆንኩ ግን በእርስዎ ጥያቄ ላይ ድምፅ የለኝም። በዚህ ቅር አልተሰኘሁም፤ ሕግ ሕግ ነው፣ አከብራለሁ። ይልቅስ ላመሰግንዎ የሚገባኝ ጥቂት ጉዳዮች ስላሉ በተራ ቁጥር እንዳቀርባቸው ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፤ ጥያቄውን ስላሳጠሩልን ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ልጄን ኸውላን ከኮምቦልቻ ለማምጣት ስፖንሰር ሳደርጋት የሞላሁት ቅጽ ለብቻው አንድ ፌስታል ሞልቶ ነበር። አባቷ መሐመድ ወደ አኼራ የሄደበት ማስረጃ፣ የትምህርት ቤቷ ወረቀት፣ የእኔ ልጅ መሆኗን የሚያሳይ ምርመራ፣ እኔና አባቷ ስንጋባ ማን ማን እንደመሰከረ ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። አንዲት ልጅ ወደ አንድ አገር ለመግባት ይህ ሁሉ ከተፈለገባት፣ ይህ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ ከአንድ አገር ሲወጣ ስንት መኪና ወረቀት ሊሞላ ነው ብዬ ተጨንቄ ነበር። እርስዎ ግን በአንድ መስመር ገላገሉት፤ ከሥሩም ሁለት ክብ። የአከራዬ ልጅ ሩሐማ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ናሙናውን በስልኳ ስታሳየኝ ቀሪው ገጽ የታለ ብዬ ጠየቅኳት። ቀሪ ገጽ እንደሌለ ነገረችኝ።

፪ኛ፤ ስለ መረጃ ስብሰባው አመሰግናለሁ። ኮሚቴዎ እዚህ ጎረቤታችን ቸስተርሚር ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡን ሲያስረዳ ሺፍቴን አስቀይሬ መጥቼ ነበር። ጥያቄ ያለው በካርድ ጽፎ ያስገባ ስለተባለ ሩሐማ በእንግሊዝኛ አሳምራ ጻፈችልኝ። የልጄ ፋይል ያለው በፌዴራል መንግሥቱ እጅ ነው፤ ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ዓይኗን አላየሁም፤ አልበርታ ከወጣች ይህ ፋይል የማን ይሆናል፣ የሚል ነበር ካርዱ። ሲነበብ እርስዎም ማይክሮፎኑን ተቀብለው ዝርዝሩ ከድሉ በኋላ እንደሚታይ፣ እስከዚያው ማንም ሰው እንዳይሰጋ፣ ፈገግ ብለው አስረዱን። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ያሳፍራል። ቤት ስገባ ኸውላ ደውላ ምን አሉሽ ስትለኝ ኔትወርክ የተቋረጠ አስመስዬ ስልኩን ዘጋሁባት።

፫ኛ፤ ዋናው ምስጋናዬ ይኸኛው ነው። ድምፅ የሌለኝን ሴት እርሳስ አስጨብጠውኛል።

ከምረዳቸው ሰዎች መካከል አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ጋሼ ኦርቪል ልበላቸው፣ ትክክለኛ ስማቸው አይደለም። ጋሼ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ትርጉሙን ካስረዳኋቸው ወዲህ በስማቸው ብቻ ስጠራቸው ይኮሳተራሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስንዴ ሲያርሱ ኖረው አሁን ቸስተርሚር ሐይቁ አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓይናቸው ዳር ዳሩን ካልሆነ አያይላቸውም፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማንኪያ የምይዝላቸው እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጢማቸውን ስላጭ አንድ ቀን እንኳ ቆርጫቸው አላውቅም። ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አላህ ይጠይቀኛል። የመጀመሪያው ክረምት በስስ ጫማ መጥቼ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምተው የሟች ባለቤታቸውን ቦት ጫማ ከቁም ሣጥን አስወጥተው ሰጥተውኛል።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ቅድመ ድምፅ መስጫው ሲከፈት ውሰጂኝ ያሉኝ። ሐኪም ቤትም ፀጉር ቤትም የማመላልሳቸው እኔ ስለሆንኩ ወሰድኳቸው። የክት ሸሚዛቸውን አለበስኳቸው፣ ኮፍያቸውን ደፋሁላቸው፣ በሩ አጠገብ ፓርክ አድርጌ ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ማየትም መጻፍም ለማይችል ሰው ረዳት ይፈቀዳል ተባለና መራጩ የሚለውን ብቻ ምልክት ላደርግ ማልኩ። ከካርቶኑ ከለላ ጀርባ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ትውጣ በሚለው ላይ አድርጊልኝ አሉኝ። ምስጢር አወጣች እንዳይሉኝ፤ እሳቸው የኮሚቴዎን ሰሌዳ ሣራቸው ላይ አስተክለው ለመንደሩ ሁሉ አውርተዋል፣ ለማንም ብትነግሪ ግድ የለኝም ብለውኛልም።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ። በሁለቱ ክቦች መካከል ያለው ርቀት የአውራ ጣቴን ስፋት አይሞላም። ሰውየው አያዩም። የምርጫ አስፈጻሚዋ ጀርባዋን ሰጥታናለች። እጄን ከላይኛው ወደ ታችኛው ዝቅ ባደርገው ከእኔና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በዚያች ቅጽበት ኸውላ ትዝ አለችኝ ብል ዋሸሁ፤ ኸውላ መቼ ከዓይኔ ጠፍታ ታውቅና። ግን አማና ነው። ሰው እጄን ሁኚልኝ ብሎ ካመነኝ እጁን ነው የምሆንለት፤ እኛ ቤት እንዲህ ብለው ነው ያሳደጉን። ትውጣ በሚለው ላይ ኤክስ አደረግኩ። እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

፬ኛ፤ እኛን እንደማይመለከት ስላረጋገጡልን አመሰግናለሁ። ስንመለስ ጋሼ ኦርቪል መኪናው ውስጥ ደስ ብሏቸው ነበር። ኸውላ በረዶ ሳይጀምር ትደርስ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የባለቤታቸውን የሱፍ ካፖርት ለእሷ ብለው ላውንድሪ አስገብተው ከነፕላስቲኩ ሰቅለውላታል። አሁን ያደረግኩላቸው ምልክት የልጄን መምጫ ሊያበላሽ እንደሚችል ቀስ ብዬ ብነግራቸው ከልባቸው ተገረሙ። አንቺን አይነካም፣ አንቺ የእኛ ነሽ፣ ነገሩ ከኦታዋ ሰዎች ጋር ነው አሉኝ። በኮሚቴዎ በራሪ ወረቀትም ላይ ጎረቤቶቻችን እንዳይሰጉ የሚል እንዳለ ሩሐማ አንብባልኛለች። በየቤቱ ስዞር እንደታዘብኩት ሁሉም ሰው የሚያውቃትን አንዲት ሴት ከጉዳዩ ያወጣታል፤ ጣጣው የሚተርፈው ለማይታወቁት ነው። ኸውላን ደግሞ እዚህ አገር የሚያውቃት የለም።

፭ኛ፤ ይህን ቁጥር ባላስገባው ደስ ባለኝ። የዚያኑ ዕለት ለኸውላ ነገርኳት፤ አንድ ጊዜ ዋሽቻታለሁ፣ ሁለተኛ አቃተኝ። ሩሐማ ቀደም ብላ ሰምታ ኖሮ በግማሽ አማርኛዋ፣ ላይክ፣ ማንም አያይሽም ነበር እኮ፣ ለምን ጀስት አልቀየርሽውም ብላ አፍጥጣብኛለች። ኸውላ ግን ምልክቱን ያደረግሽው አንቺ ነሽ ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ለባዕድ ሽማግሌ ታማኝ ሆነሽ ለእኔ እንጀራ እናት ሆንሽብኝ ብላ ዘጋችው። ያን ቀን ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ይኸው አሥራ አንድ ቀን ሆነ። የምጽፍላትን ታነበዋለች፤ ማንበቧን ስልኩ ያሳየኛል፤ መልስ የለም። እናቴ ዘንድ ስደውል ልጅቷ ደህና ናት፣ ትንሽ አኩርፋ ነው፣ ተያት ትለኛለች። በየቀኑ የሰው አባት አጥቤ፣ የሰው እናት አብልቼ እመለስና የራሴን ልጅ ድምፅ መስማት አቅቶኝ እተኛለሁ። አንጀቴ አርሯል፤ ለዚህ የጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁለት።

ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ አንዲት ልመና አለችኝ። የኸውላ ፋይል ምን እንደሚሆን ኮሚቴዎ በጽሑፍ፣ በማኅተም ያሳውቀኝ። የማታውቁት ከሆነም አናውቅም ተብሎ ይጻፍና ይፈረምበት፤ እሱም ቢሆን ለልጄ የማሳያት ነገር ይሆነኛል። የሚቻል ከሆነ ደብዳቤው በቀጥታ ለእሷ ይላክ፤ ከእኔ የመጣ ነገር ማመን ትታለች። በነፃ እንደለመንኩም አይቁጠሩብኝ። ለእርስዎ ወገን አንድ ድምፅ አስገብቻለሁ፤ ከደጋፊዎችዎ መካከል ለዚያ ድምፅ ከእኔ የበለጠ የከፈለ ካለ እሱን ያስቀድሙ፣ ወረፋዬን እጠብቃለሁ።

አዳራሽዎ ሁልጊዜ ሙሉ፣ ጭብጨባዎ ረጅም፣ እርጅናዎም ደጋፊ ክንድ የማያጣ እንዲሆን እየተመኘሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ። ወገቤ ሰው ሲያነሣ ስለሚውል እንዲህ ዝቅ ማለት እንደማይቀልለው ግን ይወቁልኝ።

ጥያቄዎ የማይመለከታት፣
አይሹ ዘነበ
የኸውላ መሐመድ እናት
ሳቫና፣ ካልጋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ፈርሜ ሳልልከው ዛሬ ጠዋት ኸውላ ጻፈችልኝ። እማ ብላ አልጀመረችም፤ አይሹ ብላ ነው። ፋይሉን እንድዘጋላት ትጠይቃለች። በር ላይ ቆማ እነሱ እንውጣ እንቆይ ተባብለው እስኪጨርሱ እንደማትጠብቅ፣ እዚያው ኮሌጅ እንደተመዘገበች፣ አያቷንም ጥላ እንደማትመጣ ዘርዝራለች። ስለዚህ ከላይ የለመንኩዎት ደብዳቤ ቀርቷል፤ እንዳይደክሙበት። ጋሼ ኦርቪል ግን ነገም ልጅሽ መቼ ትመጣለች ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ እሱን እርስዎ መጥተው ቢነግሩልኝ። ማልደው ቢመጡ ይሻላል፤ ገላቸውን ካጠብኳቸው በኋላ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።